ፍራሽ ላይ የሚሰካው መርፌ

የሆስፒታላችን ሊፍት ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በደረጃው ስወርድ ሁለት ሰዎች መንገዱን ዘግተው ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ የሆኑት አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እሳቸው ቤት ያደገች የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ። እኔ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነኝ። ሥራዬ ደም መመርመር እንጂ የዘመድ ክርክር መዳኘት ስላልሆነ በጎን ሾልኬ ላልፍ ነበር። ልጅቷ የግራ እጇን ጣት በጥጥ ጠቅልላ መያዟን ሳይ ግን እግሬ አልሄድልህ አለኝ።

ተማሪዎች ፕሮፌሰሩን በሌሉበት «ደወል» ይሏቸዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ራውንድ ይጀምራሉ፤ በሽተኛ በበሽተኛ እየዞሩ ያስተምራሉ። አንድ ደቂቃ ያረፈደ ኮሪደር ላይ ይቀራል፣ በመሀል ጥሎ የወጣም የቀኑን ነጥብ ያጣል። ሐሜት አይሁንብኝና ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ እኔ አላየሁም። እልኸኛ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም።

የክርክሩ ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው። በዚያ ክፍል ሴፍቲ ቦክስ የምንለው የመርፌ መጣያ ካርቶን አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀመጠውም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ደም የቀዳ ሰው መርፌውን የበሽተኛው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ይሰካዋል፤ ራውንድ ሲያልቅ አንዱ ተማሪ እየዞረ ይለቅመዋል። ይህንን ልማድ በወጣትነታቸው ያመጡት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው። ያኔ ካርቶን የሚባል ነገር ስላልነበረ መርፌው መሬት ላይ ወድቆ የጽዳት ሠራተኞችን እግር ይወጋ ነበር። ለዚያ ዘመን ደህና ዘዴ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ግን ዘዴው አብሮ አላለፈም። የዚያን ቀን ጠዋት ስድስተኛው አልጋ ላይ፣ የአጠገቡ በሽተኞች ጭምር፣ ሦስት መርፌ ተሰክቶ ነበር፤ አንዱን የሰኩት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ አንሶላውን አስተካክዪ ተብላ እጇን ስትሰድ ከሦስቱ አንዱ ወጋት። የማን ደም የነካው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ነጥቧን ላለማጣት አንድ ሰዓት ተኩል ዝም ብላ ቆመች፤ ራውንዱ ሲያልቅ ግን አጎቷን ተከትላ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው።

የፈለገችው ፊርማ ነው። ከኤችአይቪ የሚከላከለውን መድኃኒት ፋርማሲው የሚሰጠው ለሠራተኛ ወይም ለበሽተኛ ነው። ተማሪ ሁለቱንም ስላልሆነ የክፍል ኃላፊ ካልፈረመለት ባዶ እጁን ይመለሳል። እሳቸው ደግሞ በሳሙና ታጠቢና ወደ ሥራሽ ተመለሺ ይላሉ። ታጥቤያለሁ ትላለች። ለእህቱ ልጅ ሲሆን ፈረመ ሊባል ነው ይላሉ። እኔም፣ ደረጃ ላይ እንዲህ ሲባል በሽተኛ ይሰማል ብዬ ሁለቱንም ወደ ቢሮዬ ይዣቸው ገባሁ። እውነቱን ለመናገር በሽተኛው ሰበብ ነው፤ ያሳሰበኝ የሚያልፈው ሰዓት ነበር።

«ፕሮፌሰር» አለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ጋሼ ብላ እንዳትጠራቸው ከልክለዋታል። «መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ይህንን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«ለበሽተኛ ብዬ ነው ያስተማርኳችሁ።»

«መርፌው እኮ እኔንና በሽተኛውን አይለይም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ስሚ፤ ዛሬ ለአንቺ ብፈርም ነገ ግማሹ ክፍል ተወጋሁ እያለ ሊተኛ ይሄዳል። የተማሪን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔም ተማሪ ነበርኩ።»

«ተወግቶ ሊተኛ የሄደ እስካሁን አላየሁም። ተወግተው ዝም ያሉ ግን ከአሥራ አራታችን ስምንት አውቃለሁ።»

ይህንን ከዚያ በፊት አልሰሙም ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከራውንድ የወጣ ነጥብ ያጣል ያሉት እርስዎ ነዎት። ነጥብ ከሚያጡ ጣታቸውን ጨምቀው መቆም ይሻላቸዋል። እኔም ዛሬ ያደረግኩት ያንኑ ነው።»

ፕሮፌሰሩ የመለሱት ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልጽፈውም። በእሳቸው ጊዜ ጓንት በወር ሁለት ጥንድ ብቻ ይሰጥ እንደነበር፣ ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይለበስ እንደነበር፣ ሳል ያለበትን በሽተኛ ያለ ጭንብል አፉ ሥር ጎንበስ ብለው ይመረምሩ እንደነበር ተናገሩ። የዛሬ ልጆች ገና ሳይነኩ ይጮኻሉ አሉ። በመጨረሻም ደረታቸውን መታ አድርገው «ስንት ጊዜ እንደተወጋሁ ቁጥሩን እንጃ። ይኸው ቆሜያለሁ» አሉ።

«የቆመማ ይናገራል። ያልቆሙትን ማን ይጠይቅልን?» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ሳሎን ያለው የምረቃ ፎቶ ላይ ከአጠገብዎ የቆመው ጓደኛዎ በምን ሞተ?»

«እሱን የገደለው ሥራ ነው። እንቅልፍ አያውቅም ነበር።»

«ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሞተ ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እንቅልፍ ማጣት እንዲህ አያደርግም። በሽተኛ እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ምን ይሉን ነበር?»

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመሩ። በደም የሚገባ የጉበት በሽታ የሚለውን መልስ ስላጡት አይመስለኝም፤ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። አንዳንድ ሰው ለበሽተኛ የሚያውቀውን ለራሱ ሲሆን ይረሳዋል፤ ሐኪም ደግሞ በዚህ አንደኛ ነው።

እኔን ሰዓቱ አላስችል አለኝ። የደንቡን ነገር እናንተ ጨርሱት፣ ለመነሻ ምርመራ ደም መውሰድ ግን የኔ ሥራ ስለሆነ የማንንም ፊርማ አልጠብቅም ብዬ ልጅቷን አስቀመጥኩና ቀዳሁ። መርፌውን ክርኔ አጠገብ ወዳለው ካርቶን ጣልኩት፤ ከወንበሬም አልተነሳሁ። ፕሮፌሰሩ እጄን ሲከታተሉ አየኋቸው።

«እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለቻቸው ጥጡን እንደያዘች።

«ምን ሆኜ?»

«ምንም ስላልሆኑ። ቁጥሩን እንጃ አላሉም?»

ይህቺ ነገር እልካቸውን ነካችው። ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «ቅዳ» አሉኝ። «ቅዳና አሳያት።»

የልጅቷ ውጤት ንጹሕ ነበር፤ ዛሬ የገባ ነገር ካለ ገና ስለማይታይ በኋላም ይደገማል። የፕሮፌሰሩ ግን ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ አለ የሚል ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከሌላ ፓኬት አዲስ መመርመሪያ አውጥቼ ደገምኩት። ያው ነው። ልጅቷን እስቲ ውጪ ጠብቂ አልኳት። ፊቴን አይታ ሳትጠይቅ ወጣች።

የሰው ውጤት በአደባባይ አይወራም፤ ይህንን የምጽፈው በኋላ ራሳቸው ስለተናገሩት ነው። ስነግራቸው ቀኝ እጃቸው፣ ለዓመታት ተማሪ እንዳስተማሩት ሁሉ፣ ከጎድናቸው ሥር ገብቶ የራሳቸውን ጉበት ፈለገ። ከዚያ ቀና ብለው «ባለቤቴስ?» አሉኝ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። እሷስ?»

አዘንኩላቸው፤ አልደብቅም። ይህ ቫይረስ በደም ብቻ ሳይሆን በትዳርም እንደሚተላለፍ ለእሳቸው መንገር አያስፈልግም። ተመርምረው ነፃ ከሆኑ ክትባት እንዳለ፣ የእሳቸውም በክትትልና በመድኃኒት እንደሚያዝ ተናገርኩ። የሚያውቁትን ነው የነገርኳቸው፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የፈለጉ መሰለኝ።

«የልጅቷ የመድኃኒት ወረቀት የታለ?» አሉ። ፈረሙና በሩን ራሳቸው ከፍተው ልጅቷን ጠሯት።

«እኔ ላይ ተገኝቷል» አሏት።

«ጋሼ…» አለች።

«እትዬሽን ከሰዓት አመጣታለሁ። አንቺ ግን አሁን ሂጂና መድኃኒትሽን አምጪ። እዚሁ ፊቴ ትውጪዋለሽ።»

መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ውኃ ቀድተው የሰጧት እሳቸው ናቸው። ከተወጋች ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፏል፤ ፋርማሲው ያለው ግን ከኔ ክፍል ቀጥሎ ነው።

ባለቤታቸው ከሰዓት መጡ። ውጤታቸው ነፃ ሆነና በዚያው የመጀመሪያውን ክትባት ወሰዱ። ለሠላሳ ስድስት ዓመት በዕድል መትረፋቸውን ሲሰሙ ባላቸውን አልተቆጡም፤ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷቸው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን ሰብስበው ውጤታቸውን እንደማንኛውም በሽተኛ ታሪክ ነገሯቸው፤ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ምርመራ። ቀጥለው፣ ተወግቶ የደበቀ እጁን ያውጣ አሉ። ልጅቷ የምታውቀው ስምንት ነበር፤ የወጣው አሥራ አንድ እጅ ነው። ያን ቀን ራውንድ አልነበረም፤ አሥራ አራቱም ተሰልፈው እኔ ጋ መጡ፤ ሁሉም ነፃ ሆነው ተገኙ፤ መከተብም ጀመሩ።

እልኸኛ ሰው አንዴ ካመነ ለማመኑም እልኸኛ ነው። ካርቶኑ ከኮሪደሩ ጫፍ ተነሥቶ በጋሪ ከራውንዱ ጋር መዞር ጀመረ። ክትባቱን ያልጨረሰ ተማሪ መርፌ መንካት ቀረበት። ፋርማሲው መድኃኒቱን አስቀድሞ እየሰጠ ወረቀቱን በኋላ የሚጠይቅ ሆነ፤ ለዚህኛው ሁለት ወር ከአስተዳደሩ ጋር ተጨቃጭቀዋል። የሳል በሽተኞች ክፍል መስኮቶች በቀለም ተጣብቀው አልከፈት ሲሉ አናጢ ጠርተው አስፈለቀቁ፣ ለተማሪዎቹም ደህና ጭንብል አስገዙ። የአስከሬን ትምህርት ክፍሉም አስከሬን እንዳይበላሽ በሚደረገው መድኃኒት ሽታ ዓይን የሚያስለቅስ ስለነበር አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ተተከለለት።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የተወጉት ተማሪዎች ሃያ ሦስት ሆነው ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተመዘገበው አንድ ነው። አስተዳዳሪው ደንግጠው ይህ ነው ወይ የእርስዎ ለውጥ አሏቸው። ፕሮፌሰሩም፣ የጨመረው የሚወጋው ሳይሆን የሚናገረው ነው ብለው አስረዱ። በተከታዩ ዓመት ስድስት ብቻ ሆነ። ልብስ አጣቢዎቹም ከአንሶላ ውስጥ መርፌ መልቀም ቀርቶላቸዋል። የእህታቸው ልጅ በተወጋች በስድስተኛው ወር የመጨረሻውን ምርመራ አደረገች፤ ነፃ ናት። ውጤቷን ስሰጣት ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠርጌ በጉንፋን አሳበብኩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ተማሪ፣ ክፍሉን ከረገጠ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ፕሮፌሰሩ በንግግራቸው መሀል ሳሉ ቀስ ብሎ «ተወጋሁ» አለ። እሳቸው የሚያነቡትን ካርድ ዘጉ፤ «ደግ አደረግህ የተናገርህ» ብለው ራውንዱን ለረዳታቸው ሰጡና በደረጃው ይዘውት እኔ ጋ ወረዱ። ደሙን ስቀዳ፣ መድኃኒቱን ሲውጥ፣ እስኪጨርስ ድረስ ወንበር ስበው ተቀምጠው ጠበቁት። ልጁ ከወጣ በኋላ፣ ከነርስ ጋር ሊልኩት ይችሉ ነበር፣ ራውንድ ጥለው መምጣትዎ ገረመኝ አልኳቸው።

«እኔን በጊዜው ማንም ይዞ አላመጣኝም» አሉኝ።