የገመቹ እንጥል ሊቆረጥ የነበረ ዕለት

ቆዩ፣ ቆዩ እስቲ ሳቄ ይብረድልኝ... ዋናው እኮ ገና ነው፤ አሁን እንዲህ ከሳቃችሁ መጨረሻው ላይ ምን ልትሆኑ ነው? በእኛ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን ማለቴ ነው፣ እዚህ ነቀምት ልጅ ካሳለና ድምፁ ከተበላሸ ሌላ በሽታ የለም፣ እንጥሉ ወርዷል ነው። እንጥሉ ከወረደ ደግሞ ይቆረጣል፣ አለቀ። እኔንም ቆርጠውኛል፤ ወሬዬን ግን አልቀነሰውም፣ ይኸው ትሰማላችሁ።

ታዲያ ወንድሜ የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ አያንቱን አግብቶ ገመቹን ወለዱ። ገመቹ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው አፉ የተፈታ ነው፤ ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ጥርት አድርጎ ያወራል። እኔን «አዳዳ» ነው የሚለኝ፣ የአባቱ እህት አይደለሁ። እና አያንቱ ቅቤ ልትነግድ ገበያ መዋል የጀመረች ሰሞን ልጁ በድንገት ተለወጠ። ጠዋት ተነሣ፣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ጥቅልል አደረገና፣ «እህህም፤ አዳዳ፣ እሻቱ ጠፋ» አለኝ።

«ምኑ?»

«እሻቱ። እህህም።»

«እሳቱ» ማለቱ ነው፤ እኔ ሳቅኩ። አያንቱ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ያስቅሻል፣ ሲያስል አትሰሚም? ምላሱም ከብዶታል። እንጥሉ ነው።»

«ኧረ በደንብ ይበላል እኮ፣ ትናንት የእኔን ድርሻ ሁሉ ጨርሶብኛል።»

«ታዲያ መብላት እስኪያቅተው ልጠብቅ?»

እሷም ወዳ አይደለም፣ ፈርታ ነው፤ እናት ናት። ወንድሜ ለሥራ ጊምቢ ወርዷል፣ እኔን ደግሞ ማን ይሰማኛል፣ ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው። እና ቢላ ከምትባለው ከተማ ኦቦ ጉርሜሳን አስጠራች። ኦቦ ጉርሜሳ እንጥል ቆራጭ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፉን ይዞ ነው የሚሮጠው።

መጣ። ጫፉ ቆልመም ያለ ብረቱን ከጨርቅ ፈታና ሙቅ ውሃ ጠየቀ። ውሃውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ የራሴ ጉሮሮ ትዝ እያለኝ። አያንቱ ልጁን ልትይዝ ስትል፣ «የለም፣ እናት አትይዝም፤ እጇ ይላላል። ጎረቤት ወንድ ጥሪ» አላት።

ታዲያ ማን ይጠራ? ከአጥሩ ወዲያ ከዋንዛው ሥር ተቀምጠው ኮርቻ የሚሰፉት አባ ቶሌራ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ልጅ ይወዳሉ። መጡና ገመቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ደስ ብሎታል፣ ጺማቸውን ይጎትታል። ኦቦ ጉርሜሳ ብረቱን አነሣ። አያንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባ ቶሌራ ጎንበስ አሉና፣

«እህህም፤ አይዞህ የኔ አንበሻ፣ አፍህን ክፈት» አሉት።

ልጁም ቀና ብሎ አያቸውና፣ «እህህም፤ እሽቲ መጀመሪያ አንተ ክፈት» አላቸው።

የኦቦ ጉርሜሳ እጅ አየር ላይ ቀረ። አንዴ ሽማግሌውን ያያል፣ አንዴ ልጁን ያያል።

«እስቲ እንደገና ተናገሩ» አለ።

«ማን?» አለች አያንቱ ከግድግዳው ሳትዞር።

«ሁለቱም።»

ሁለቱም «እህህም» አሉ፣ እኩል። ኦቦ ጉርሜሳ የልጁን ትቶ የአባ ቶሌራን አፍ አስከፈተ፣ እና ምን ቢያይ ጥሩ ነው፣ ድድ ብቻ፤ ከፊት አንድም ጥርስ የለ።

«ይህ ልጅ ቀን የት ነው የሚውለው?»

«እሳቸው ጋ ነዋ፤ እናቱ ገበያ፣ እኔ ወንዝ ስወርድ» አልኩ።

ታዲያ እናንተ እንዴት አልሰማችሁም በሉኛ። የጎረቤት ድምፅ እኮ ነው፤ ከመልመዳችን ብዛት ጆሯችን ለአባ ቶሌራ ጥርስ አብቅሎላቸው ኖሯል። እንግዳው ነው የሰማው። የልጁንም ጉሮሮ አየና፣ «እንጥሉ ቦታው ላይ ነው» ብሎ ብረቱን ጠቀለለ። አያንቱ መሬት ላይ ዘጭ አለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ቀጥሎ ደግሞ ተቆጣች።

«እንግዲያው አባ ቶሌራ፣ የልጁ አፍ እስኪቃና ድረስ ዝም ብለው ኮርቻዎን ይስፉ» አለቻቸው።

እሳቸውም ልጁን ከጭናቸው ሳያወርዱ ቀስ ብለው፣ «ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬን ይማራል አያንቱ፤ ያን ጊዜ ምኑን ልታሽቆርጪው ነው?» አሏት።