ሸህ ሰዓድ የዳሰሱት ልብ

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ መካነ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ከሸህ ሰዓድ ጋር ተገናኘን። ከላላ በምትባል ከተማ ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ዓይናቸው ከደከመ ዓመታት የሆናቸው አዛውንት ናቸው። የመጡት ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ፈውዚያን ለመውሰድ ነበር፤ በአገሩ ደንብ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና። ፈውዚያ ግን ጓዟን ይዛ ታለቅሳለች። የባሏ እህት፣ አዋላጇ መድና፣ መንገዱን ዘግታባቸዋለች።

እኔ መምህር ነኝ፤ የሰው ክርክር ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ጠጋ ብዬ ጠየቅሁ። በአልትራሳውንድ የፅንሱ ልብ እክል ተገኝቶበት ፈውዚያ አዲስ አበባ ተልካ ነበር። እዚያ ሐኪሞቹ ምስሉን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ በስሱ በሚደራርብ ማተሚያ የልቡን ቅርጽ ሠርተው ሰጧት። ልጁ እንደተወለደ ሕክምና ስለሚያስፈልገው እዚያው መጥታ እንድትወልድም ነገሯት። ሸህ ሰዓድ አልተቀበሉም።

"ልጄ፣ በማህፀን ያለውን የሚያውቅ አላህ ነው" አሏት መድናን ረጋ ብለው። "እሱ የሸሸገውን ገልጦ ቅርጽ ማበጀት ምን ይሉታል? እኛ ዱዓ እናደርጋለን።"

"ዱዓውስ አይቅር፣ አባባ። ግን እርስዎ ለደረሳው ቁርዓኑን በለውህ፣ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ሲጽፉለት፣ ቃሉን ፈጠሩት ይባላል?"

"አይባልም። ተማሪው እንዲያውቀው ቀዳሁለት እንጂ።"

"ሐኪሞቹም የቀዱት አላህ የፈጠረውን ነው፤ እኛ እንድናውቀው።"

ይህን መልስ እኔ በሰጠሁት ብዬ ቀናሁ። መድና ከቦርሳዋ ቡጢ የሚያክል ፕላስቲክ አውጥታ በመዳፋቸው አኖረች፤ ለመዳሰስ እንዲመች ከልጁ ልብ አግዝፈው የሠሩት ነው። ጣታቸውን ይዛ ደም ወደ ሰውነት በምታወጣው ቧንቧ ላይ አስኬደችው። ጣቱ ሄዶ ሄዶ ቆመ። መልሰው ሞከሩ፤ እዚያው ቆመ።

"እዚህ ላይ ቀጥናለች" አሉ።

መድና አብራራችላቸው። ሆድ ውስጥ ሳለ ደሙ ሌላ መተላለፊያ ስላለው ልጁ አይጎዳም። ከተወለደ በኋላ ግን ያ መተላለፊያ ይዘጋል፣ ሕፃኑም በቀናት ውስጥ ይዳከማል። ሐኪም አጠገቡ ካለ በመድኃኒት ክፍት ያቆዩታል፤ ከዚያም ቧንቧውን ያስተካክሉለታል። ከከላላ ግን መንገዱ ራሱ አያደርስም። እውነቷን ነው፤ እኔ በዚያ መንገድ ደህና ተሳፍሬ ታምሜ ወርጃለሁ።

ሸሁ ፕላስቲኩን አልለቀቁትም። "ሁለት ወንድ ልጆች ቀብሬአለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ደህና ተወልደው፣ ሳምንት ሳይሞላቸው ጠቆሩ። ዓይን በላቸው አልን።"

"የእነሱ ይሄ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አባባ። የዚህን ግን አውቀነዋል።"

ፕላስቲኩን ለመድና መለሱላት። ከዚያ የፈውዚያን ጓዝ ራሳቸው አነሱ። "እናትሽ ጋ ደውይ። የእናት ቤት እናት ያለችበት ነው፤ አዲስ አበባ ትምጣ በያት።"

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥበብ ከሃይማኖት ጋር ለመጣላት አልመጣም። ያ ቅርጽ ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት እንዲዘጋጅ፣ ወላጅም የልጁን ችግር አውቆ በጊዜ እንዲደርስ ይረዳል። ነፍሰ ጡር በቤትህ ካለች ሳይረፍድ አስመርምራት።

በኅዳር መጨረሻ ስልኬ ጠራ፤ መናኸሪያው ላይ ቁጥሬን የሰጠኋቸው ሸህ ሰዓድ ነበሩ። ሕክምናው ተሳክቷል። ስልኩን ወደ ሕፃኑ አስጠግተው ለቅሶውን አሰሙኝና "የእኔዎቹ እንዲህ ጮክ ብለው ለማልቀስ አቅም አልነበራቸውም" አሉኝ።