ረጅሙ ክንፍና የኢሕሳን ሰፌድ

ጋሽ ሸኩር ረጅም የዋንዛ ሳንቃ ተሸክመው ሰርቦ ገበያ መሀል ሲመጡ፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያሳልፋቸዋል። ዞር ባሉ ቁጥር አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ትራገማለች። እኔ ስልክ መጠገኛዬ በር ላይ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ።

«ጋሽ ሸኩር፣ ድልድይ ሊሠሩ ነው?»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ሳቅህን ዋጥና ና ያዝልኝ! የንፋስ መብራቴ ክንፍ ነው።»

ቤታቸው ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ መብራት አልገባም። ሚስታቸው እትዬ ኢሕሳን ካረፉ ወዲህ ጋሽ ሸኩር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመኙት፤ በካሴት የተቀዳውን የሚስታቸውን መንዙማ መስማት። የቴፑ የባትሪ ድንጋይ ቤት ግን ዝጎ አልቋል፤ ያለ መብራት አይሠራም።

«እዚሁ ሱቄ ላጫውትልዎ ስል አልነበር?»

«እሷ መንዙማውን ቤቷ ቁጭ ብላ ነው ያለችው። ገበያ መሀል አላስጮሃትም።»

እዚህ ጋ ቀልዴ ጠፋ። ሳንቃውን ተቀበልኳቸው። በፌስታል ያንጠለጠሏትን ሞተር ሳያት ግን አላስቻለኝም። ጭብጥ ታክላለች።

«ለዚች ይሄ ሁሉ? የአይሱዙ ጭነት አህያ ላይ!»

«ምን ታውቃለህ አንተ፣ ከስምንተኛ ክፍል አጥር ዘለህ የወጣህ! የጎረቤትህ የእሱባለው ዲሽ ስንቱን ጣቢያ የሚይዘው ትልቅ ስለሆነ አይደል?»

«ዲሽ ቁጭ ነው የሚለው፣ ይሄ ይዞራል። ረጅም ክንፍ ብዙ ንፋስ ይይዛል፣ አልካድኩም። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ትንሽ ሞተር ደግሞ ፍጥነት ትወዳለች። ኃይለኛ ንፋስ የመጣ ቀን ምሰሶውንም ይገነድሰዋል።»

«እንግዲያው ማንኪያ ልስቀልባት?»

«እሱም አይሆንም፤ ካጠረ ንፋሱ ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

«ወላሂ አንተ ልጅ ጠበቃ ነህ! አባቴ ቤት ሲሠራ ‹እንጨት አታሳጥር፣ የተረፈ አይጎዳም› ይል ነበር።»

«ለቤት እውነታቸውን ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ እትዬ ኢሕሳን ቡና የሚያበጥሩት በትልቁ ሰፌድ ነበር?»

አይናቸው ወደ ኮረብታው ሄደ።

«የለም። ትልቁን እናቴ በሰርጋችን ቀን ሰጥታት ነበር። ‹ክንዴ ይዝላል፣ ገለባው ሳይበር ይቀራል› ብላ መካከለኛውን ያዘች። እናቴ ተቀየመች። እሷ እቴ! ቀና ብላ ንፋሱን ትጠብቀዋለች፤ ሽው ሲል ገለባው በአጥር ላይ ይሄዳል፣ ቡናው እጇ ላይ ይቀራል። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»

«በቃ! ሰፌድ በእጅ ልክ፣ ክንፍ በሞተር ልክ።»

«ዱጋ፣ እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቁረጠው። ካበላሸህ ግን በተረፈው ነው የምገርፍህ!»

እኔም እላችኋለሁ፤ ክንፍ ስትቆርጡ መጀመሪያ ሞተራችሁን ጠይቁ፣ ከዛ የሰፈራችሁን ንፋስ፣ ከዛ ምሰሷችሁን። የጎረቤት ዲሽ አትጠይቁ።

ቆርጠን፣ ልገን፣ ኮረብታው ላይ ሰቀልነው። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ክንፉ እያፏጨ ዞረ፣ ከሞተሯ ጋር ያያዝነው የመኪና ባትሪም መሙላት ጀመረ። ዛሬ የጋሽ ሸኩር ቤት አምፖል አለው፣ ኩራዝና ጭሱ ቀርቷል፣ የመንደሩ ሰው ስልኩን እሳቸው ጋ ነው የሚሞላው። ድሮ እኔ ጋ ነበር የሚሞላው፤ ከሰርኩ!

የዛን ቀን ግን አምፖሉን ማንም ዞሮ አላየውም። ጋሽ ሸኩር ካሴቱን ከትተው ቴፑን ተጫኑት። እትዬ ኢሕሳን መንዙማውን ጀመሩና መሀል ላይ ቆም ብለው፣ «ሸኩር፣ ዝጋው በአላህ፣ ሰው ይስቅብኛል!» አሉ።

«አልዘጋም» አሉ ጋሽ ሸኩር፣ ወደ ቴፑ ጠጋ ብለው።