ከሰማያዊው መስመር በኋላ የታየው ዓይን

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክር፦ ስሙ በታሸገ ፖስታ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 61
የትዳር ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
ሥራ፦ የቪዲዮ ካሴት ቀጂ
አድራሻ፦ ከካሴት ማባዣው ድርጅት ጀርባ ባለው ፎቅ፣ 3ኛ ደርብ፣ ከልጁ ጋር
ቀን፦ ሐሙስ፣ የወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20
ጉዳዩ፦ የካሴት መጋዘን ቃጠሎ

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ፊልም በካሴት እያባዛ በሚሸጠው ድርጅት ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የሚታየውን የድርጅቱን ምልክት በየካሴቱ ራስ ላይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ድርጅቱ እስካሁን ሦስት ምልክት ነበረው። የመጀመሪያው ከካርቶን ተቆርጦ በሸክላ ማጫወቻ ላይ የሚሽከረከር ኮከብ ሲሆን፣ ሲዞር የተለጠፈበት ፕላስተር ይታይ ነበር። ሁለተኛው ከጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚከፈት ዓይን ነው፤ ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይጎተታል፤ ርዝመቱ 19 ሴኮንድ ነው። ይህን ዓይን ልጆች ይፈሩት ነበር። የራሴም ልጅ ከበር ኋላ ተደብቃ "አባዬ፣ አለፈ?" ትለኝ ነበር። ሦስተኛው በኮምፒውተር የተሠራ ሰማያዊ መስመር ሲሆን 11 ሴኮንድ ብቻ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አለቃው፣ ማለትም የድርጅቱ ባለቤት፣ በመጋዘኑ ባለው ካሴት ሁሉ ላይ ዓይኑን አጥፍቼ ሰማያዊውን እንድቀዳ አዘዘኝ። አዲሱ ምልክት ስላጠረ የሚተርፈው 8 ሴኮንድ በጥቁር መሸፈን ነበረበት። በዚያ ሳምንት ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር፣ ቶሎ ወደ እሷ ለመሄድ ስል ወደ አራት መቶ በሚሆኑ ካሴቶች ላይ ጥቁሩን ሳልቀዳ ተውኩት። እነዚህ ሲከፈቱ ሰማያዊው መስመር ካለፈ በኋላ ያ ዓይን ብቅ ይላል። ጥፋቴን የነገርኩት ለመጋዘን ዘበኛው ብቻ ነው። ቁልፍ ከአንገቱ ስለማይለይ ቁልፌ እንለዋለን። እሱም "አይዞህ ጋሼ፣ የኋለኛው መደርደሪያ ላይ እናስተኛቸዋለን፤ ዓይን አይደል፣ ይተኛል" ብሎ ሸሸገልኝ። ሚስቴ በዚያው ወር አረፈች፤ ካሴቶቹንም ሳላስተካክላቸው ቀረሁ። አንዱም ለሽያጭ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ መጋዘኑ ተቃጠለ። ቁልፌ ሲጋራ ጥሎ አቃጠለ ተብሎ፣ በእሳቱ የተቃጠሉት ሁለት እጆቹ በፋሻ እንደተጠቀለሉ ታስሯል። አለቃውም መጋዘን ሙሉ ካሴት ተቃጠለብኝ ብሎ የመድን ካሳ ጠይቋል። በማግስቱ ማክሰኞ እኔ በዚሁ ጣቢያ "ቅዳሜ ገብቼ አይቻለሁ፣ መደርደሪያው ሁሉ ሙሉ ነበር" ብዬ ፈርሜአለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሜ የፊተኛውን መደርደሪያ ብቻ ነው ያየሁት። አለቃው አጠገቤ ቆሞ "ሙሉ ነው አይደል?" ሲለኝ "አዎ" አልኩ፤ እዚህም ስጠየቅ ያንኑ ደገምኩ።

ትናንት ረቡዕ ልጄ ከሌላ ሰፈር ካሴት ተከራይታ መጣች። ስንከፍተው ሰማያዊው መስመር አለፈ፣ ምስሉ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ተከፈተ። ልጄ "ውይ አባዬ፣ ይሄ መዓተኛ አልሞተም እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣሁት፤ ካሴቱ ተቃጠሉ ከተባሉት አራት መቶዎች አንዱ ነበርና። ወዲያው ይዤው ወደ አከራዩ ሄድኩ። አከራዩም "ከቃጠሎው በፊት ዓርብ ዕለት በጭነት መኪና ነው የመጣው፤ የእናንተው አለቃ ራሱ አብሮ ነበር" አለኝ። በዚያ ዓርብ ቁልፌ ቁልፉን አስረክቦ ዕረፍት እንዲወጣ በአለቃው ታዝዞ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ከ30 ላይ ከቤቴ ስወጣ አለቃውን ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ሚስቴ የተቀበረች ዕለት ክንዴን ይዞ ያቆመኝ ሰው ነው። የኮቴን ኮሌታ እያስተካከለ "ካሴት ቤት እየዞርክ ጠያቂ ሆንክ አሉ። ስማ ወንድሜ፣ ሁለት ቃል የሰጠ ሰው በሁለቱም ይጠየቃል" አለኝ። ቀጥሎም "ይሄ ደረጃ መብራት የለውም እንዴ? ልጅህ በዚህ ነው የምትወጣው? ትጠንቀቅ" ብሎኝ በዝግታ ሄደ። እዚህ ጣቢያ እስክደርስ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ቆሜ ጸልያለሁ፤ ጸሎቴ ግን ይህ ነገር እንዲያልፈኝ ነበር እንጂ እውነት እንድናገር አልነበረም።

ለምን ቀድሞ አልተናገርክም ተብዬ ስጠየቅ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ነው። መጀመሪያ የፈራሁት ሥራዬን ነበር፤ አሁን የምፈራው ለልጄ ነው። ቁልፌ ግን የእኔን ጥፋት ሁለት ዓመት ሲሸሽግ ለራሱ አልፈራም። እሳቱን ማን እንደለኮሰው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጨምርም። ካሴቶቹ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አልተቃጠሉም። ልጄ የተከራየችውን ካሴት ለኤግዚቢትነት አስረክቤያለሁ። የቀድሞ ቃሌን በመለወጤ ልከሰስ እንደምችል መኮንኑ ነግሮኝ ተረድቻለሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የእኔው ቃል ነው፣ እውነትም ነው። ከተናገርኩ በኋላ ፍርሃቱ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም፤ ቢሆንም ቃሌን አልመልሰውም። ልጄ ከሥራ የምትወጣው 11 ሰዓት ስለሆነ፣ ደረጃውን ብቻዋን እንዳትወጣ አንድ ፖሊስ እንዲላክላት እጠይቃለሁ። ፊርማዬ ከማክሰኞው ጋር ባይመሳሰልም፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________