በስልክ የማይነገር

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣት ከአጠገቧ ከተቀመጡት እናት ጋር ታወራለች።

«እማማ፣ አሰብ ላለው ልጅዎ ስልክ አይደውሉም?»

«ትቻለሁ። አሁን በጭነት መኪና ሹፌር ነው መልእክት የምልክለት።»

«ስለሚረክስ ነው?»

«መርከሱንስ ይረክሳል። ግን ለሱ አይደለም ልጄ።»

«ሹፌር እኮ ይዘገያል።»

«ይዘግይ። የታላቅ ወንድሙን ሞት የነገሩኝ በስልክ ነው። እጀታውን እንደያዝኩ ወደቅሁ፤ ከጎኔ ዘመድ የለ፣ የሚደግፈኝ የለ።»

«ውይ እማማ!»

«ሹፌር ግን ክፉ ነገር ከሰማ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ ነው የሚነግረው። ወንድሜ ጎረቤት ሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቴ መጥቶ፣ ይዞ ያረዳኛል።»

እኔ የተሳፈርኩት አዲስ አበባ ላለችው እህቴ የአባታችንን ሞት ደውዬ ልነግራት ነበር፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ስልክ ቤቱን አልፌ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።