በር ላይ የተሰቀሉት ክራባቶች

(አዳማ፣ የገና ዋዜማ ረፋድ ላይ፤ በጉንፋን ሰንብተው ዛሬ የተነሱት ጡረተኛው አቶ አስናቀ ባዶ ቁም ሳጥን ከፍተው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር ይጨቃጨቃሉ።)

አስናቀ፦ ሁሉንም? አንድ እንኳን አላስተረፍሽልኝም?

የሺመቤት፦ ቡናማዋን ልተዋት ብዬ ነበር። በር ላይ የሰቀልኩት የገና ጉንጉን ባንድ ጎኑ ሳሳብኝ።

አስናቀ፦ የሺ፣ የማወራሽ ስለ ክራባቶቼ ነው።

የሺመቤት፦ እኔም ስለነሱ ነው። በአሮጌው ብስክሌት ቸርኬ ዙሪያ ጠመጠምኳቸው፣ በየመሀሉ ዛላ በርበሬ ሰካሁ፣ ዳር ዳሩን የለስላሳ ቆርኪ ደረደርኩ። የጎረቤታችን የዘነበች በር ላይ ያለው ከሱቅ የተገዛ ፕላስቲክ ነው። የኛን የሚያህል በሰፈሩ የለም።

አስናቀ፦ ሰኞ ቢሮ ቢጠሩኝ ምን አስሬ ልሄድ ነው?

የሺመቤት፦ የቱ ሰኞ?

አስናቀ፦ አማካሪ አድርገን እንጠራሃለን ብለውኛል። በሽኝቴ ዕለት፣ በሰው ፊት።

የሺመቤት፦ ኬክ እየጎረሱ ያሉትን ነው? ከክረምት ጀምሮ በየጠዋቱ ክራባትህን አስረህ ስልኩ ፊት ትቀመጣለህ። ሻይ ሳመጣልህ እንኳን እንደ ባለጉዳይ ነው የምታየኝ። አንድ ቀን «ከሰዓት ተመለሺ» ብለኸኛል።

አስናቀ፦ ረስቼው ነው።

የሺመቤት፦ እኔ አልረሳሁትም። ቁርስ አብሮኝ የሚበላ ባል ነው የፈለግሁት። ክራባቶቹ ካለቁ ይቀመጣል አልኩ።

አስናቀ፦ አሁን ሰው ሳያየው አውርጂው። የመምሪያ ኃላፊ ክራባት ከበርበሬ ጋር ተሰቅሎ መሳቂያ ልሁን?

የሺመቤት፦ ማንም አልሳቀም። ማለዳ እንደሰቀልኩት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በድሉ ቆመው አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አስናቀ፦ ባርኔጣቸውን?

የሺመቤት፦ ሥራዬን አድንቀው መስሎኝ።

አስናቀ፦ ምን አሉ?

የሺመቤት፦ መሀረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና ሄዱ።

አስናቀ፦ የሺ፣ መሀሉ ላይ ምን አድርገሻል?

የሺመቤት፦ ባዶ ሲሆን አላማረኝም። ፎቶህን አደረግሁበት። የሽኝቱን፣ ያማረብህን።

አስናቀ፦ ፎቶዬን። ጉንጉን መሀል። በር ላይ።

የሺመቤት፦ የአበባ እኮ አይደለም፣ የበርበሬ ነው።

አስናቀ፦ እዚህ አገር ጉንጉን መሀል ፎቶው የሚደረገው ምን የሆነ ሰው ነው?

የሺመቤት፦ ውይ።

አስናቀ፦ ያ የሚንኳኳው ምንድን ነው?

የሺመቤት፦ ቆይ በመስኮት ልይ። የዕድሩን ድንኳን እየተከሉ ነው። ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች።

አስናቀ፦ ዘነበች? በቦዩ ጉዳይ ከተጣላን ጀምሮ ሰላም ብላኝ አታውቅም እኮ።

የሺመቤት፦ ከሁሉም የባሰባት እሷ ናት፤ ሁለት ሰው ይዟታል።

አስናቀ፦ ውጪና አለ በያቸው።

የሺመቤት፦ እኔ ብወጣ ደግፈው ያስቀምጡኛል እንጂ ማን ይሰማኛል? አንተው ውጣ።

አስናቀ፦ በዚህ ሁኔታዬ? ያለ ክራባት?

የሺመቤት፦ ኧረ መኪናም መጥቷል። የመሥሪያ ቤትህ ሰርቪስ ነው። ጋሽ በድሉ ሳይደውሉላቸው አይቀሩም።

አስናቀ፦ የኔ መሥሪያ ቤት?

የሺመቤት፦ ስልክህን የማያነሱት ሁሉ ወረዱ። ሥራ አስኪያጁም አሉ። አፈርኩ አስናቀ፣ የምሬን ነው። በጓሮ ዞሬ ላውርደው።

አስናቀ፦ ምን እያደረጉ ነው?

የሺመቤት፦ ሥራ አስኪያጁ ፎቶህ ፊት ቆመው ይናገራሉ። «እሱ ከሄደ ወዲህ የሚያማክረን ሰው አጥተናል» ሲሉ ሰማሁ። ሄድኩ፣ ላውርደው።

አስናቀ፦ ተይው፣ ትንሽ ይቆይ። መስኮቱን ግን ከፈት አድርጊልኝ።