የሰው እጅ ያልነካው ጉልበት

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ልብስ የምትሸጠውን እህት አስቴርን ጁባ ውስጥ የማያውቃት ሐበሻ የለም። ከቦዳቦዳ ሞተር ወድቃ ጉልበቷን ከተጎዳች ወዲህ፣ አማራት ሰፈር እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች። ሕመሙን በሬዲዮ ሞገድ ከውስጥ በሚያሞቅ ማሽን የማክምላት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ፣ «ሙቀቱን ጨምርበት እንጂ! ትሰስታለህ እንዴ?» እያለች ትቆጣኛለች።

እሑድ ቸርች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። እህት አስቴር ለምስክርነት ወጣችና፣ «የሰው እጅ ሳይነካኝ ጌታ ጉልበቴን ፈወሰው!» ብላ መድረኩ ላይ መዝለል ጀመረች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ታፍራለች ስል ጭራሽ ከፍ አድርጋ ዘለለች። ምን አባቴ ላድርግ? እኔም «አሜን!» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት እያነከሰች ክሊኒክ መጣች።

«የሰው እጅ አልነካኝም ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«እጅህ መቼ ነካኝ? የነካኝ ማሽኑ ነው።»

«ከዳንሽ ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ስዘል ተመለሰብኛ!» አለችና እግሯን አልጋው ላይ ዘረጋች። «ይልቅ ቶሎ በል፤ ለእሑድ ሌላ ምስክርነት አለብኝ።»